ሁለት ሳምንት ቆይተህ ደውል

አባቴ አቶ ሽበሺ፣ በሐዋሳ ከተማ በስልክ የማይታለል ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። እኔ ልጁ ሩሀማ ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም.፣ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ከጆሃንስበርግ ደውሎ ይህን የማይታለል ሰው እሺ እንዲያሰኝልኝ እግዚአብሔርን እለምን ነበር። ሽማግሌው የሚጠይቀው እኔን ነበር፤ ለወንድሙ ልጅ። አባቴ ግን ሌባ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የአንድ ሰው ብልጠት ለሌላ ሰው ምን ያህል ጣጣ እንደሚሆን የሚያሳይ ነው።

ባህል አዳራሽ አካባቢ «ሩሀማ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት» የሚባል ቤት ነበረን። ስሙ የእኔ ነው፣ ሥራው የእኔ ነው፣ ገቢው የአባቴ ነው። ሰሌዳው ላይ ከስሜ ሥር የአባቴ ስልክ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

አባቴ ብልህ የሆነው ከተሞኘ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ከለንደን ነኝ ብሎ ደወለለትና መኪና ደርሶሃል አለው። የቀረጡን ቅድሚያ ክፍያ መላክ ብቻ ነበረበት። ላከ። ለመኪናው ምስጋና የሚያቀርበውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ምስጢሩን ከእኔ መደበቅ አልቻለም። ከእናቴ ከእታፈራሁ ግን ደበቀ፤ ወይም የደበቀ መሰለው። መኪናው እስከዛሬ አልመጣም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አባቴ ድንጋጤውን ለብቻው መያዝ አልቻለም፣ ለከተማው ሁሉ ማካፈል ፈለገ። አንድ ቀን አጠገቤ ቆሞ «ከማይታወቅ የውጭ አገር ስልክ ራስዎን ይጠብቁ» የሚል አሥር ነጥብ ያለው ማስጠንቀቂያ እየነገረኝ አስተየበኝ። ላሚኔት አድርገን ከማሽኑ በላይ ሰቀልነው፤ ኮፒውን በአንድ ብር እንሸጠው ጀመር። ተራ ቁጥር ሦስት «የማያውቁት ሰው ዘመድ ልሁንዎ ካለዎት ሌባ ነው» ይላል። ተራ ቁጥር አምስት «ስምዎን ስለጠራ አይመኑት፤ ስም ከሰሌዳ ላይ ይነበባል» ይላል። ተራ ቁጥር ሰባት «ደዋዩ በጣም ትሑት ከሆነ በጣም ሌባ ነው» ይላል። ሰባተኛውን ስተይብ ስቄ ነበር። የገዛ ወጥመዴን በሁለት እጄ እየጻፍኩ መሆኔን ማን ነግሮኝ።

ማስጠንቀቂያው ታወቀ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ ለአምስት በተደራጁት ሁሉ እንዲነበብ አዘዘና አባቴን በስብሰባ ላይ ሞዴል ነጋዴ ብሎ አስጨበጨበለት። ከቡሹሎ አካባቢ ደብዳቤ ልታስጽፍ የምትመጣው ወይዘሮ ሙሉጌጥ አንዱን ኮፒ ወስዳ ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። ዱባይ ያለው ልጇ አዲስ ቁጥር አውጥቶ ሲደውልላት፣ ልጄ ብትሆን ኖሮ ቁጥርህ በዜሮ ዘጠኝ ይጀምር ነበር ብላ ዘጋችበት። ልጁ ለሦስት ወር እናቴ ምን አስቀየምኳት እያለ ሲጨነቅ ከረመ። አባቴ ይህን ታሪክ የሥራው ፍሬ አድርጎ ለደንበኛ ሁሉ ያወራው ነበር።

ለራሱ ግን ሌላ ሕግ ነበረው። ሕዝቡ የውጭ ስልክ እንዳያነሳ ይመክራል፣ እሱ ግን ያነሳል። ተራ ቁጥር አሥር «ልምድ ያለው ሰው ሌባን በገዛ ካርዱ ያክስረው» ይላል። ደዋዩን ሁሉም እንዲሰማው ላውድ ላይ ያደርገውና ያስለፈልፈዋል። ደንበኛ ይሰበሰባል። ከጎናችን ጫማ የሚሸጠው ሙህዲን የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይመጣና በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ሙህዲን የሥልጤ ነጋዴ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ወሬ የማያበዛ። አባቴ ሌባውን ሲያፋጥጥ ሌላው ሰው ይስቃል፣ ሙህዲን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻዩን ብቻ ይጠጣል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። አልአዛርን ያወቅኩት በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነው። እናት አባት የለውም፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው አጎቱ አቶ ደረሰ ነው። ልጁ ሐዋሳ ሲማር አጎትየው ሆሳዕና የነበራቸውን ሁሉ ሸጦ ደቡብ አፍሪካ ገባ፣ ብርድ ልብስ እየሸጠ ሱቅ ከፈተ፣ ልጁንም ወሰደው። ያኔ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አልአዛር እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በእኔ ስልክ ይደውልልኛል። ስሙን «ቶነር አከፋፋይ» ብዬ ነው የመዘገብኩት፤ የማሽናችንን ቀለም የሚሸጥልን እንዲመስል። አባቴ አንድ ቀን ስክሪኑን አይቶ፣ እሑድ እንኳን የሚሠራ ታታሪ ነጋዴ ነው ብሎ አመሰገነልኝ።

አልአዛር ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ሲነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጥሎ ግን አጎቱ መጀመሪያ በስልክ ራሱ ካልለመነ በቀር ሌላ ሽማግሌ እንደማይልክ ነገረኝ። ልጁን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ በሰው አፍ አልለምንም፣ አባትየው ይሁን ካለ ብቻ ሰው ወደ ቤቱ እልካለሁ ብሏል። በየትኛው ስልክ ነው የሚደውለው አልኩት። በራሱ ነዋ፣ በደቡብ አፍሪካው፣ በፕላስ ሃያ ሰባት አለኝ። ወዲያው ከማሽኑ በላይ የሰቀልነው ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ።

ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም የሚለኝ አይጠፋም። ጨዋ ልጅ ሽማግሌ እንደሚመጣባት አታውቅም። ቤቱ ሲጠረግ ታያለች፣ ለምን እንደሚጠረግ አትጠይቅም። የሚደውለው ሰው እውነተኛ ነው ብል የአባቴ የመጀመሪያ ጥያቄ በምን አወቅሽ ነው። የጥያቄው መልስ ደግሞ ቶነር ነው።

የመጀመሪያው ስልክ የመጣው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ቁጥሩን አየና እጆቹን አሻሸ። ላውድ ላይ አደረገው።

«እንደምን ዋሉ አቶ ሽበሺ» አለ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ። «ደረሰ እባላለሁ። አያውቁኝም። ትልቅ ነገር ፈልጌ ደጅዎ መጥቻለሁ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ዘመድ ልሁንዎ ብዬ ነው።»

አባቴ ሦስት ጣቱን ለደንበኞቹ አሳየ። ተራ ቁጥር ሦስት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ደረሰ ሳቁን ሰምቶ፣ ቤትዎ ደስታ አይጥፋበት ብሎ መረቀ። አባቴ አሁን ደግሞ ሰባት ጣት አወጣ።

ሽማግሌው በሥርዓት ቀጠለ። ያሳደገው ልጅ እንዳለው፣ ልጁ ሥራ ወዳድና አማኝ እንደሆነ፣ የአቶ ሽበሺን ልጅ ሩሀማን ለእሱ ሊለምን እንደደወለ ተናገረ። አባቴ ሌባ ልጅ ሲለምን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ አዲስ ዓይነት ማጭበርበሪያ ስላገኘ ፊቱ በራ። ስሜ ሲጠራ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰሌዳው አመለከተ። ከዚያ፣ ልጁ ልጄን ያውቃታል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ይህቺ ጥያቄ ልታድነኝ ትችል ነበር። አዎ፣ አብረው ይዘምሩ ነበር ቢል አባቴ ትንሽ እንኳን ይጠራጠር ነበር። አቶ ደረሰ ግን ጨዋ ሽማግሌ ነው፤ የሰው ልጅ ስም በአባቷ ፊት አያጎድፍም። ኧረ በፍጹም አለ፤ በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ ጨዋነቷን በዝና ሰምቶ ነው። የእኔን ክብር ለመጠበቅ ሲል በሕይወቱ ምናልባት ብቸኛውን ውሸት ዋሸ፤ ያቺው ውሸት ሌባ አስመሰለችው። ያላያትን ልጅ የሚያገባ ሰው የት አለ እያሉ ደንበኞቹ ተጠቃቀሱ።

አባቴ ካርዱን በሌላ ጊዜም ሊያስጨርሰው ፈልጎ ድምፁን አከበደ። «እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይመለስም። ከቤተሰብ ልማከር። ሁለት ሳምንት ቆይተህ ደውል።»

በማግስቱ ቶነር ሲደውል አጎቱ በደስታ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረኝ። የድሮ አባት ነው ብሏል። ገና ስደውል እሺ ቢለኝ ኖሮ ልጅቷ ነውር አለባት ብዬ እጠራጠር ነበር፤ እሱ ግን ከቤተሰብ ልማከር አለኝ፣ ቀጠሮ ሰጠኝ፣ ደስ የሚል ሰው ነው ብሏል። እባክህ ይቅርና ሰው ወደ ቤት ላኩ ብዬ ለመንኩት። አልአዛርም አጎቱን ለመነ። አጎትየው ተቆጣ፤ አባትየው ሁለት ሳምንት ብሎኝ እኔ ቀጠሮ ላፍርስ? አለ።

በሁለት ሳምንቱ፣ በዚያችው ሰዓት ደወለ። አባቴ የሌባው ሰዓት አክባሪነት ገረመው። ይህን ያህል ቀጠሮ የሚያከብር ሰው በቀበሌያችን የለም አለና ሁሉም ሳቀ። ከዚያ፣ ቆይ ቤተሰብ ልጥራ ብሎ ስልኩን ማሽኑ ጎን አስቀመጠና የአንድ ሰው የይዞታ ካርታ ኮፒ ማድረግ ጀመረ። ማሽኑ ይጮኻል፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ ከስልኩ ውስጥ አንዳንዴ ሳል ይሰማል። እኔ ካርታውን እያጠፍኩ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ እያልኩ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሆነ። አቶ ደረሰ አልዘጋም።

አባቴ ሲመለስ ያለ ምንም ይሉኝታ፣ እንዳንተ ያለውን ብዙ አይቻለሁ፣ ልጄን ለማንም ወንበዴ አልሰጥም አለው። ሽማግሌው፣ እውነት ነው፣ እኔም ሴት ልጅ ብትኖረኝ እንዲሁ ነበር የምለው አለ። አባቴ ዋስ ጥራ አለው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር አቶ ወንድሙ የሚባል ጡረተኛ የጤና ረዳት ያውቀኛል ብሎ ስልክ ቁጥሩን ጭምር ተናገረ። አባቴ ለይምሰል በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ጻፈውና ማስጠንቀቂያው ሥር ለጠፈው። ማን ይደውላል? ሌባ ስም አያጣም አለ። ሁለት ሳምንት ቆይተህ ደውል ብሎም ዘጋ።

በነጋታው ከጆሃንስበርግ የመጣው ወሬ ግን አስደነገጠኝ። አጎትየው ሃያ ደቂቃ ደጅ አስጠናኝ ብሎ ለአገር ሰው ሁሉ በኩራት አውርቷል፤ በዚህ አልተቀየመም። ነገር ግን ሦስተኛው የመጨረሻው ነው ብሏል። ሦስት ጊዜ ለምኖ የተመለሰ ሰው አራተኛ ከሄደ ልመና ሳይሆን ድፍረት ይሆናል፣ በሦስተኛው እንቢ ካለኝ አንተም ዓይንህን ወደ ሌላ አንሳ ብሎታል። አልአዛር ያሳደገውን ሰው አልፎ እንደማያገባኝ አውቃለሁ። አልፎ ቢመጣም ያን ያህል አልወደውም ነበር። ስለዚህ አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ሁሉ አባቴ አንድ ቅዳሜ በሚቀልዳት ቀልድ ላይ ተንጠለጠለ።

እናቴን አማከርኳት። እሑድ እሑድ የሚደውለው ቶነር አከፋፋይ እንዳልሆነ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ታውቅ ነበር። በእራት ሰዓት አባቴን በዘዴ፣ ይኼ ሰውዬ እውነተኛ ቢሆንስ አለችው። ትሕትናውን አልሰማሽም እንዴ ብሎ ወጡን አጠቀሰ። እኔም ተስፋ ስቆርጥ ማስጠንቀቂያውን ደግሜ ተየብኩና ተራ ቁጥር ሰባትን «ትሑት ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም» ብዬ ለውጬ ሰቀልኩት። ማንም ልብ አላለውም። አባቴ የራሱን ጽሑፍ በቃሉ ስለሚያውቀው አያነበውም ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ስለነበር ቤቱ ማስረጃ ኮፒ በሚያደርጉ ሰዎች ተጨናንቋል። ሙህዲን ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አባቴ ለተሰበሰበው ሰው አስቀድሞ አብራራ። ሌባ እስካሁን ገንዘብ ያልጠየቀው እሺ ስላላልነው ነው፤ ዛሬ እሺ እለዋለሁ፣ ወዲያው ለቪዛ ነው ለትኬት ነው ብሎ ላክ ይለኛል፤ እዩና ተማሩ አለ። እኔ ማሽኑን ተደግፌ ቆምኩ። እሺ ሊል ነው፤ የምፈልገውን ሁሉ ሊናገርልኝ ነው፣ ግን አንዱንም ከልቡ አይደለም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር እስከዛሬ አላወቅኩም።

ስልኩ ጮኸ። አቶ ደረሰ ዛሬ ሰላምታ አላስረዘመም። «አቶ ሽበሺ፣ ሦስተኛ ጊዜ መምጣቴ ነው» አለ። «ከዚህ በላይ አላስቸግርዎትም። ዛሬ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

አባቴ ቸኩሎ አላስደሰተውም። ልጁ ይጠጣል ወይ አለው፤ አይጠጣም። ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር ወይ፤ አላገባም። ቢታመም ማን ያስታምመዋል፤ እኔ አለሁ፣ እኔ ብሞት ቤተ ክርስቲያኑ አለ። ልጄን ቢያስከፋትስ አለ። ሽማግሌው፣ ያስከፋት ቀን እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ከደጅዎ አድርሼ ይቅርታ ለምኜ እመለሳለሁ አለ። አንድ አባት የሚጠይቀውን ጥያቄ ሁሉ አባቴ በቀልድ ጠየቀው፣ አንድ አጎት የሚመልሰውን ሁሉ አቶ ደረሰ በእውነት መለሰለት። ሰው መሳቁን ቀነሰ። ሙህዲን ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

አባቴ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ፣ አንድ ነገር እንደሚያስጀምር ሰው። «በሉ እንግዲህ ሰጥቻለሁ» አለ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ምስክሬ ነው።»

እጁን እንዳነሳ የገንዘቡን ጥያቄ ጠበቀ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሲያለቅስ ተሰማ። ቀጥሎ ከበስተጀርባው የሴቶች እልልታ ፈነዳ፤ ብዙ ሴቶች ናቸው፣ ስልኩን ከብበው ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው። እልልታው የእኛን ፎቶ ኮፒ ቤት ሞላው። ማንም አልሳቀም።

አባቴ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው። «ምን ያህል ልላክ?» አለ፣ ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ምን ይላካል?» አለ አቶ ደረሰ እንባውን እየዋጠ። «እኛ እንጂ የምንልክ። እርስዎማ ልጅዎን ሰጡን።»

ወዲያው መመረቅ ጀመረ። የአባቴን ቤት፣ የእናቴን ማኅፀን፣ የእኔን መግቢያና መውጫ፣ ሳያየን ሁላችንንም መረቀ። ምርቃት ሲወርድ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው በእኛ አገር የለም። አባቴ ከልጅነቱ በለመደው አንደበት አሜን አለ። ደንበኞቹ ማስረጃቸውን እንደያዙ አሜን አሉ። ሙህዲን ሁለት እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ሦስት ጊዜ ተመረቅን፣ ሦስት ጊዜ አሜን አልን። ከዚያ አቶ ደረሰ፣ የነገ ሳምንት እሑድ አቶ ወንድሙ ሽማግሌዎች ይዞ ቤትዎ ይመጣል ብሎ ተሰናበተ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ሙህዲን ነው። «ጋሽ ሽበሺ» አለ፣ «ሌባ በራሱ ካርድ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አያወራም። ይህን መጀመሪያ ቀን ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ በእርስዎ ደስ ብሎት ነበር።»

አባቴ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ማስጠንቀቂያውን ቀና ብሎ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው መሰለኝ፣ ምክንያቱም ዓይኑ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እኔ የማሽኑን ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

«ሩሀማ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቶነር የሚያከፋፍለው እሱ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ኮፒያቸውን ይዘው ወጡ፤ ብዙዎቹ እንኳን ደስ ያለዎት እያሉ፣ አንዳንዶቹ ሳይከፍሉ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ቃሉን ሊያጥፍ ብዙ መንገድ ነበረው። ቀልዴን ነው ብሎ መደወል ይችል ነበር። እናቴን፣ እንዲያው ቀልድ ቃል ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰጥቻለሁ ያልከው ቀልድ ይሁን፣ አሜን ያልከውስ አለችው። ሰኞ ዕለት ብቻውን ባጃጅ ተሳፍሮ ምሥራቅ ድረስ ሄደና ስለ አቶ ደረሰና ስለ ልጁ ከአቶ ወንድሙ ዘንድ ሲያጣራ ዋለ። ማታ ሲመለስ ከተማው ውስጥ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አውቄው ነበር፣ ልፈትነው ብዬ ነው የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሷል። ወሬውን ያሰራጨው ራሱ ነው። ማንም አላመነውም፣ ማንም አልተከራከረውም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አቶ ወንድሙና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጡ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ለምን እንደተጠረገ አልጠየቅኩም። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው በኩል አያለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ሥርዓቱ ቆመው ለመኑ፤ አባቴ ተቀመጡ አላቸው፣ ለመኑ፣ እንደገና ተቀመጡ አላቸው። አሁን የቀረው አንድ ቃል ነው። የዚያን ቅዳሜ በሃያ ሰው ፊት እጁን አንስቶ ያለ ምንም ችግር የተናገረው ቃል።

ኮቱን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄን» አለ፣ ከዚያ ቃሉ አልወጣም። እንደገና «ልጄን» አለ። አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ በለንደኑ መኪና እንኳን እንደዚያ አልሆነም። እኔም መጋረጃውን ይዤ አለቀስኩ።

አቶ ወንድሙ ብልህ ሽማግሌ ነው። «ይድገሙት አንልዎትም አቶ ሽበሺ» አለ። «ደረሰ በጆሮው ሰምቷል።»

«ያኔማ የሰጠሁት ለሌባ ነበር» አለ አባቴ። «ለሰው መስጠት ግን ይከብዳል።»

ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። አቶ ወንድሙ ተነስቶ ትከሻውን ያዘው፣ እናቴ ጓዳ መጥታ ውኃ ውሰጂ አለችኝ፤ ወሰድኩ። አባቴ ብርጭቆውን ከእጄ ሲቀበል ቀና ብሎ አላየኝም።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። አልአዛር መጥቶ ወሰደኝ፣ አቶ ደረሰም አብሮ መጣ። አባቴና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንቱ አንቱ ሲባባሉ ላየ፣ አንዱ ሌላውን ወንበዴ ብሎት ነበር ብሎ አያምንም። አባቴ ሃያውን ደቂቃ አንስቶ ይቅርታ ሲጠይቀው አቶ ደረሰ፣ እሱ እንኳን አጭር ነበር፣ የእኔ አማት ሁለት ክረምት ነው ደጅ ያስጠኑኝ አለው።

ይኸው ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማስጠንቀቂያው ባህል አዳራሽ ጋ አሁንም ተሰቅሎ ይሸጣል፣ ዋጋውም ሁለት ብር ገብቷል። እናቴ የምትነግረኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ ከሄድኩ ወዲህ የውጭ ቁጥር አይቶ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። የደቡብ አፍሪካ ይሁን፣ ስሙን የማያውቀው አገር ይሁን፣ ደንበኛ አቁሞ ይሮጣል። ላውድ ላይ ማድረግ ትቷል። ሃሎ እንኳን ሳይል መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ሩሀማ?» ነው። ሙህዲን፣ ጋሽ ሽበሺ፣ የዓለም ሌባ ሁሉ የልጅዎን ስም አወቀው ብሎ መክሮታል። አልሰማም። ባለፈው ዓመት አንዱ፣ አዎ ከሩሀማ ጋር ነን፣ ሆስፒታል ገብታለች ብሎ የአዲስ ላሚኔት ማሽን ዋጋ ወሰደበት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላው ደግሞ ወሰደ። በመሃል እኔ በደህናዬ በየሳምንቱ እደውልለት ነበር። እናቴ ለምን ላክህ ብትለው፣ እውነት ቢሆንስ አላት።

ከዚያ በኋላ ምልክት ሰጠሁት። አሁን ስደውል፣ ሩሀማ ሲለኝ አዎ አልልም።

«ሁለት ሳምንት ቆይቼ ልደውል?» እለዋለሁ።

ከጀርባው የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። «አይ» ይለኛል፣ «ዛሬውኑ አውሪኝ።»